መምህር ዕንባቆም አልሸሸም

አጥንቱን ያገኙት የቤት መሠረት የሚቆፍሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ከጃጁራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሀብታሙ የሚባል ገበሬ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ «ቤት ሥራልኝ» ብሎት፣ አክስቱ በለቀቁለት ጓሮ አራት ያረጁ እንሰቶች አስነቅሎ ያስቆፍር ነበር። ዶማው ጠፍጣፋ ድንጋይ መታ። ድንጋዩ ሲነሳ የሰው የራስ ቅል ብቅ አለ። ሠራተኞቹ እግሬ አውጪኝ ብለው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጡ፤ አንደኛው ያወለቀውን ጫማ እንኳ ሊወስድ አልተመለሰም።

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ከሆሳዕና ስትደርስ መንደርተኛው ተሰብስቧል። ሴቶቹ እስከ ጉድጓዱ አፍ ተጠግተዋል። ወንዶቹ ግን አጥሩ ሥር ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ነገሩ የገባት ይህን ስታይ ነው።

«የቆጮ ጉድጓድ ነበር» አለች ወደ ውስጥ ወርዳ።

«በምን አወቅሽ?» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን ብርሃኔ።

«ድንጋዮቹን እያቸው። ቆጮ ሲቀበር ከላዩ እንደሚጫነው ነው የተደረደሩት። ልጅ እያለሁ እናቴ ስንቱን ጉድጓድ አስቆፍራኛለች። አንተ መብላቱን እንጂ የት ታውቀዋለህ?»

ሳጅኑ ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። በዚህ አገር ወንድ ቆጮ እየበላ ያድጋል፤ ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ቦታ ግን ዝር አይልም። ዝር ካለም ስድብ ጠግቦ ይመለሳል።

ሟቹ በጀርባው ተኝቷል። ሁለቱም ቅልጥሞቹ ግራና ቀኝ በወይራ እንጨት ተደግፈው በቃጫ ታስረዋል። ወገቡ አካባቢ አረንጓዴ የለበሰ የናስ የቀበቶ ዘለበት አለ። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። ፍሬሕይወት በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዋ የተደበቀ ሬሳ ብዙ አይታለች። እጁ ደረቱ ላይ ተደርጎለት የተደበቀ ግን አላየችም።

ወሬው ከፖሊስ መኪናው ቀድሞ ሆሳዕና ገባ። በማግስቱ ጠዋት ዘጠኝ እናቶች የፖሊስ መምሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ሁሉም ልጆቻቸው በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥተው ድምፃቸው የጠፋባቸው ናቸው። ከሾኔ የመጣችው የልጇን ፎቶ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ጥርሱን ብቻ አሳዪኝ» አለች። «ጥርሱን አውቀዋለሁ።»

የዚህች ሴት ልጅ የጠፋው ሰው ከሚያሻግር አንድ ደላላ ጋር ተጣልቶ ነው። የደላላው ሞተር ደግሞ በዚያው ሰሞን ጃጁራ ታይቷል። ሳጅን ብርሃኔ ሁለት ቀን ሙሉ ደላላውን ሲያሳድድ ሰነበተ። ቢይዘውም በተባለው ወር ሰውየው ሞያሌ እስር ቤት እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። በዚያው ዕለት ከሰዓት ከሆስፒታሉ ዶክተር ሱምያ ደወለች።

«ወንድ ነው፤ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አያልፍም። አጥንቱ ግን የቆየ ነው፣ የአሥርት ዓመታት ጉዳይ። ሁለቱም ቅልጥሞቹ በከባድ ነገር ተደብድበው ተሰብረዋል። ምንም የመጠገን ምልክት የለም። ከተሰበረ በኋላ ሳምንት እንኳ አልኖረም።»

«ጥይትስ?»

«የለም። ዘለበቱን አጽድቼዋለሁ። ‹መምህራን ማሰልጠኛ፣ 1962› ይላል።»

ፍሬሕይወት ስልኩን ዘግታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ግቢ የኖረ መምህር አንድ ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ገና በልጅነቷ፣ ከእርግማን ጋር ነው የሰማችው።

ነገሩ አገር ያወቀው ነው። በታኅሣሥ 1970 በደርግ የቀይ ሽብር ሰሞን አምስት ተማሪዎች ወንዝ ዳር ባለ ዋሻ ተደብቀው ነበር። አንድ ሐሙስ ተያዙ፣ ዓርብ ጠዋት አስፋልት ዳር ተረሸኑ። መምህራቸው ዕንባቆም በዚያው ሳምንት ጠፋ። ሸጣቸውና ኬንያ ገባ ተባለ። ከአምስቱ አንዱ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሲላስ፣ የፍሬሕይወት አባት ታናሽ ወንድም ነው። አያቷ እስኪሞቱ ድረስ የማታ ጸሎታቸውን የሚጨርሱት መምህሩን ረግመው ነበር። አሁን ደግሞ በመጋቢት ሊመረቅ የተዘጋጀው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ «በመምህራቸው በዕንባቆም ጠቋሚነት የተሰዉ» የሚል ጽሑፍ ሊቀረጽ ተወስኗል።

አለቃዋ ኮማንደር ፋንታሁን ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«ሟቹ አጎትሽን ሸጠ የሚባለው ሰው ነው። ጉዳዩን ለሌላ ልስጠው?»

«ይስጡት።»

«ለማን? የሳጅን ብርሃኔ ሚስት ከተረሸኑት የሌላኛው የእህት ልጅ ናት። የእኔ እናት ደግሞ የመምህሩ ዘመድ። በዚህ ዞን ዘመድ የሌለው መርማሪ ካማረን ከጎንደር ልናስመጣ ነው። ሂጂ ሥሪ።»

የመምህሩ ልጅ ገነቴ ሆሳዕና ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎች የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ ነገሩ ቀርቷል። የሀብታሙ አክስት ከሆኑት ከእናቷ ከእማማ ሰብሌ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ፍሬሕይወት በሩን ስታንኳኳ እጇ ከበደ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆና፣ ከሌሎች ልጆች ጋር፣ ደብተር ይዛ የምታልፈውን ኮረዳ «የይሁዳ ልጅ!» እያለች እስከ ገበያው ድረስ ተከትላታለች። ያቺ ኮረዳ አሁን በሩን ከፈተችላት።

ዘለበቱን በላስቲክ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ገነቴ ተነስታ ከሳጥን አንድ ፎቶ አወጣች። በፎቶው ላይ ቀጭን ወጣት ሰው፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ያንኑ ዘለበት ለዓለም ሁሉ ለማሳየት ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«የት ተገኘ?»

«እናንተ ጓሮ። ከዚያው አልወጡም፣ እትዬ ገነቴ። ሁለት እግራቸው ተሰብሮ ነበር።»

«አልሸሸም?»

«አልሸሹም።»

ገነቴ ጮክ ብላ አላለቀሰችም። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «አልሸሸም፣ አባቴ አልሸሸም» እያለች ብዙ ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ድንጋዩ ላይ ስሙን ሻጭ ብለው እንዳይጽፉት አድርጊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች።

«ያን ሳምንት የሚያስታውሱት ነገር አለ?»

«ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰውዬ አቅፎኝ ትዝ ይለኛል። እናቴ ፊት ለፊታችን ቆማለች። ከዚያ አወረደኝና ከረሜላ ሰጠኝ። አባቴን ሊፈልግ መጥቶ ይሆናል።»

እማማ ሰብሌ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከዘለበቱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«እማማ፣ መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ሰኞ ጠዋት ሊያስተምር ወጣ» አሉ። «አልተመለሰም።»

ድምፃቸው ያለፈና የተደጋገመ ነገር የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ፍሬሕይወት ጻፈችው።

የወይራ እንጨቶቹን ፎቶ ሳጅን ብርሃኔ በየወጌሻው ቤት ይዞ ዞረ። ሆሳዕና ያለ አንድ ወጌሻ ገና እንዳየው «ይህ አስተሳሰር የአንጋጫው የሽብሩ ነው» አለ። አባባ ሽብሩ ሰማንያ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጆሮአቸው ከድቷቸዋል፤ እጃቸው ግን አሁንም ጠንካራ ነው። ፎቶውን አይተው ፊታቸው በራ።

«መምህሩ! እኔ ነኝ የጠገንኩት። ረቡዕ ቀን ከአንጋጫ አስጠርተውኝ ሄጄ፣ ሁለቱንም እግሩን አሰርኩለት። ሰኞ ካድሬዎቹ ይዘውት ሲደበድቡት ውለው ማክሰኞ በቃሬዛ ደጁ ጥለውት ሄደዋል። እኔም አስሬለት በዚያው ቀን ተመለስኩ።»

«ረቡዕ ቤቱ ነበር?»

«የት ይሄዳል? መቆም አይችል!»

«ታዲያ ሸሸ ሲባል ምነው አልተናገሩም?»

ሽማግሌው ፊታቸው ጨለም አለ። «ኬንያ ገባ ሲባል እኔ ደስ አለኝ፣ ልጄ። የጠገንኩት እግር በሳምንቱ ኬንያ ደረሰ ብዬ፣ እጄ የተባረከ ነው ብዬ ለልጆቼ ስፎክር ኖርኩ። ሞቶ ነው እንዴ?»

ፍሬሕይወት ፎቶውን ከፊታቸው አነሳች። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም ጭናቸው ሥር ደበቁት።

ወደ ሆሳዕና ሲመለሱ ሳጅኑ ዝም አላለም። «እማማ ሰብሌ ዋሽተዋል። ሰኞ አሉ፣ ሰውየው ረቡዕ ቤቱ ነው።»

«ፈርተው ይሆናል። ያኔ የፈራ እስከ ዛሬ ይፈራል» አለች። በልቧ ግን ሌላ ስም ይዛለች። መምህሩን ያስደበደበው የያኔው ካድሬ ዋለ ነው። ሐሙስ ተመልሶ ጨርሶት፣ ማንም ወንድ የማይፈትሸው ቦታ ቀብሮት ቢሆንስ?

አቶ ዋለ አሥራ ሰባት ዓመት ታስረው ወጥተዋል። አሁን በልጃቸው ቤት ደጅ በማጉሊያ መስታወት መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ፖሊስ ሲያዩ አልደነገጡም።

«ገድለናል እንጂ አልቀበርንም» አሉ። «የገደልነውን አስፋልት ዳር ነበር የምንጥለው፣ ሰው እንዲያየው። መደበቁ ምን ይጠቅመን ነበር?»

«በዚያ ሳምንት እዚያ ቤት ሄደዋል?»

«ሐሙስ ጠዋት። ቤቱን፣ ጎተራውን፣ ጣሪያውን ፈትሸናል። ሰውየው የለም።»

«ጓሮውንስ? እንሰት የሚፋቅበትን?»

አቶ ዋለ የተሰደቡ ያህል ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ? ሰው አስገድያለሁ፣ አልክድም። ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ግን አልገባም። እናቴ እንዲህ አላሳደገችኝም።»

ፍሬሕይወት ስድስት ሰው በዚህ ሰውዬ ትእዛዝ መሞቱን እያወቀች፣ ይህን ሲናገሩ እውነታቸውን እንደሆነ ገባት። በዚህ አገር ከወንድ የማይጠበቅ ነገር እሱ ብቻ ነው።

«አምስቱ ያሉበትን ማን ነገርዎት?»

መጽሐፉን ዘጉ። «ለፍርድ ቤት ያልተናገርኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱን ነው። ለሰው ብዬ እንዳይመስልሽ። ስለማፍር ነው።»

ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ፍሬሕይወት መኪናው ውስጥ ገብታ ለሀብታሙ ደወለች።

«ያስነቀልካቸውን አራት እንሰቶች የተከላቸው ማነው?»

«አክስቴ። አንዱ ሲደርቅ ሌላ ይተኩበታል።»

«ተፍቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ አያስነኩም! በ2000 ዓ.ም. በአረንጓዴው ረሃብ ጊዜ ስንቸገር እንኳ አንዱን እንቁረጥ ብንል ‹እኔን ቁረጡ› ብለው አለቀሱ። የያኔዎቹ እንሰቶች አብበው፣ አፍርተው፣ ቆመው ደረቁ። እርጅና ነው ብለን ተውናቸው።»

የአራት እንሰት ቆጮ በዚያ ረሃብ አንድ ቤተሰብ ስንት ወር እንደሚያኖር ፍሬሕይወት ታውቃለች። በረሃብ ዘመን የደረሰ እንሰት ሳትፍቅ የምታቆም ሴት ሥሩ ያለውን ታውቃለች ማለት ነው። የተጣመሩት እጆች ትዝ አሏት። ሳጅኑን ክሊኒኩ ጋ አውርዳው፣ ገነቴ ከሥራ እንዳትወጣ በወሬ እንዲይዛት ነግራው፣ ብቻዋን ሄደች።

እማማ ሰብሌ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ፍሬሕይወት በሀዲይኛ ሰላም አለቻቸው፤ እስከ መጨረሻውም በሀዲይኛ ተነጋገሩ።

«እማማ፣ የቀበሩት እርስዎ ነዎት።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ረቡዕ ማታ ትኩሳቱ ሲያይልበት ሞተ። ማልቀስ ክልክል ነበር። ሬሳውን ካገኙት ይወስዱትና አስፋልት ላይ ይጥሉታል። ባሌን ውሻ አይበላውም አልኩ። ወንድ የማይደርስበት አንድ ቦታ ነበረኝ። እየጎተትኩ ወሰድኩት፤ በኮባ ጠቀለልኩት፤ አፈሩን ስመልስ ነጋ።»

«ሐሙስ ጠዋትስ?»

አሮጊቷ የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«መጡ» አሉ። «ቤቱን ሲፈትሹ ቆይተው ዋለ ልጄን አንስቶ ታቀፋት። ሽጉጡን ጆሮዋ ሥር አደረገው። እሷ ጌጥ መስሏት በእጇ ትነካካዋለች። ‹ያውቁ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባልሽ የለም፤ አንቺ ንገሪኝ› አለኝ። ለልጆቹ በየቀኑ ቆጮ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ያሉበትን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ተናገሩ።»

«ተናገርኩ። ከዚያ ከረሜላ ሰጣት።»

ፍሬሕይወት ደሟ ፈላ። አያቷን አየቻቸው፣ በየማታው ተንበርክከው የተሳሳተ ሰው ሲረግሙ። «ሲላስ አጎቴ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ባዳ ሆነባት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያን ቀን ስትገቢ በግንባርሽ ነው ያወቅሁሽ። ቆጮውን ሳቀብለው እጄን ይስመኝ ነበር።»

ልትጮህባቸው ፈልጋ አልሆነላትም። ልትጠላቸው ሞከረች፤ ያም አልሆነላትም። እሷም የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ሽጉጡ ጆሮዋ ሥር ሲሆን ወለል ብሎ ታያት፤ መልሱንም አወቀችው።

«ለምን እርሳቸው ሻጭ ተባሉ? ለምን ዝም አሉ?»

«ሰው ራሱ አለ። እኔ አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት። የሞተ አይደበደብም፣ አይራብም። የእኔን ቢያውቁ ከነልጄ ቤቱን ያቃጥሉብን ነበር። የሻጭ ልጅ ትባል፣ ግን ትኑር አልኩ። በኋላ መናገሩ እያደር ከበደኝ። በየዓመቱ አንድ ችግኝ ሳጠጣ ይቅርታ እለዋለሁ። ሌላ ምን አለኝ?»

«አሁን ልጽፈው ነው፣ እማማ።»

«ጻፊው። ጠቋሚዋ እኔ ነኝ፣ በስሜ ጻፊው። እሱን ንጹሕ አድርጊልኝ።» ቀሚሷን ያዙት። «አንድ ነገር ብቻ አትጻፊ። ልጅቷን። ለነፍሷ ሳስታ፣ ፈርታ ተናገረች በዪ። ገነቴ አምስት ልጆች በእኔ ምክንያት ሞቱ ብላ እንዳትኖር።»

«ገነቴ ትጠላዎታለች እኮ!»

«ትጥላኝ።»

ሪፖርቱን ስትጽፍ ሦስት ጊዜ ቀደደችው። መምህር ዕንባቆም ሁለት እግራቸው በድብደባ ተሰብሮ በታኅሣሥ ወር 1970፣ ረቡዕ ማታ ማረፋቸውን፣ ተማሪዎቹን ሊጠቁሙ እንደማይችሉ፣ ሚስታቸው እንደቀበሯቸው፣ በወጌሻውና በሐኪሟ ቃል አስደግፋ አሰፈረች። መጨረሻው ላይ «ወ/ሮ ሰብሌ ለገዛ ሕይወታቸው በመስጋት የተማሪዎቹን መደበቂያ ተናግረዋል» ብላ ፈረመች። በሥራ ዘመኗ እያወቀች የጻፈችው የመጀመሪያው ውሸት ነው። አርባ ስድስት ዓመት የቆየ ውሸት አውጥታ፣ በገዛ እጇ አዲስ ተካችበት።

ገነቴ ቢሮ መጥታ አነበበችው። የመጀመሪያውን ገጽ በደስታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ከመስመሩ ላይ አልነሳ አለ።

«ለራሷ ብላ?»

«አዎ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ተኝተው ነበር።»

«ያ ሰውዬስ? ያቀፈኝ?»

ፍሬሕይወት ዓይኗን አልሰበረችም፤ ስንት ውሸታም መርምራ ውሸት እንዴት እንደሚያምር ተምራለች። «ያ ሌላ ቀን ነው፣ እትዬ ገነቴ። አረጋግጫለሁ።»

ገነቴ ራሷን ነቀነቀች። ፖሊስ አረጋገጠ ካለ የስድስት ዓመት ልጅ ትዝታ ምን ዋጋ አለው? «ሃምሳ ሁለት ዓመት ከእሷ ጋር ከአንድ ሳህን በላሁ» አለች። «አባቴን ሲረግሙት አብራኝ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።» ሪፖርቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በዚያው ሳምንት የእናቷን ልብስ በሁለት ማዳበሪያ ከታ፣ መኪና ተከራይታ፣ እናቷን ወደ ሀብታሙ ቤት ላከች። አብራ አልሄደችም።

በመጋቢት ድንጋዩ ተመረቀ። የተረገመው ዓረፍተ ነገር አልተቀረጸም። ከአምስቱ ስም ሥር «መምህር ዕንባቆም» የሚል ስድስተኛ ስም ተጨመረ። ካህኑም ፓስተሩም ጸለዩ። የፍሬሕይወት አባት በምርኩዛቸው እያዘገሙ ሄደው የገነቴን እጅ ያዙና ይቅርታ ጠየቋት፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ሕዝቡ ተሰልፎ ሳማት። ፍሬሕይወትም ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ፣ ልጅ ሆና ከኋላዋ ተከትላ የተሳደበችውን ልትነግራት አስባ፣ ሳመቻት ብቻ።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በቀጥታ ወደ ሀብታሙ ቤት ነዳች። እማማ ሰብሌ ደጅ ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። መንደርተኛው በፊታቸው ሲያልፍ ሰላም አይላቸውም፤ እሳቸውም አይጠብቁም።

«ስሙ ተጻፈ?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«ተጻፈ፣ እማማ። ከልጆቹ ጋር።»

«ገነቴስ? ሰው ቀረባት?»

«ሁሉም ነው የሳማት። አባቴ ይቅርታ ጠየቃት። ነጭ ለብሳ፣ ቀና ብላ ነው የቆመችው።»

«ቀና ብላ» አሉ አሮጊቷ፣ ቃሉን እንዳይፈስባቸው እንደሚይዙ። «ስለ እኔ ጠየቀችሽ?»

አንድ ውሸት የዋሸች ሴት ሁለተኛውን መዋሸት አይከብዳትም ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር እንኳ። ግን እኚህን ሴት መዋሸት አቃታት።

«አልጠየቀችኝም፣ እማማ።»

እማማ ሰብሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወረደ፤ ሊጠርጉት አልሞከሩም።

«ጎሽ» አሉ። «አምናሻለች ማለት ነው።»